በመስታወት የታየው ባሕር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንዴት ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? ምግብ ይበላልሻል? እንቅልፍስ? ተማሪዎችሽ አያስቸግሩሽም? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ሠርግሽ ከቀረበ ወዲህ ማማረሩን ትታዋለች፤ ለመታመም ጊዜ የለኝም ትላለች። አጎታችንም ደህና ነው፤ ድምፁ እንደ ድሮው ከግቢው አልፎ ይሰማል። እጮኛሽ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ብቅ ይላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አማች ሲመጣ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ብልሽት ሲያጣ የደጁን አምፖል ፈትቶ መልሶ ይገጥመዋል።

መደወል ስትችል ለምን ትጽፋለች ትዪ ይሆናል። ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ስይዝ ቃል ይጠፋኛል። ደግሞም እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ እየሰማች የማይወራ ነገር አለ።

የምጽፍልሽ ስለ ጫጉላ ሽርሽራችሁ ነው። አጎታችንና የእጮኛሽ የሥራ ባልደረቦች በስጦታ መልክ ባሕር ዳርቻ ሊልኳችሁ እንደተስማሙ ሰምተሻል። የቦታውን ስም ግን ሙሽራዋ እስከ ሠርጉ ማግስት እንዳትሰማ ብለው ሁላችንንም አስምለውናል። ስለዚህ ስሙን አልጽፍልሽም። የማልሁት በስሙ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ እነግርሻለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። ባለፈው ወር የመጣሽ ጊዜ፣ እሑድ ጠዋት ጓሮ በኩል ጎንበስ ብለሽ ሲያስመልስሽ ውሃ ይዤልሽ የመጣሁት እኔ ነኝ። «መኪናው ነው ያናወጠኝ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ከመኪና የወረድሽው ግን ዓርብ ነበር። ሰው ከወረደ በኋላም ሁለት ቀን የሚያናውጠው መኪና አላውቅም። ስትሄጂ ግንባሬን ስመሽ፣ አንቺ እኮ ሁሉንም ታያለሽ አልሽኝ። እኔም አልጠየቅሁሽም። አሁንም አልጠይቅሽም።

ያለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ቦታ ለመምረጥ ተቀመጥን። አጎታችን፣ እማዬ፣ እጮኛሽና እኔ። መምረጫው የጉዞ ወኪሉ መጽሔት ነው፤ እኛ ማተሚያ ቤት የታተመ፣ በእጄ ያጠፍሁትና የጠረዝሁት፣ እኔው ራሴ ወደ ቤት ያመጣሁት። ሽፋኑ ላይ ያለውን ባሕር ብታዪው ዓይንሽን አትነቅዪም። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ አሸዋው ነጭ ነው፤ በስተቀኝ አንዲት ዘንባባ ወደ ውሃው አዘንብላለች፣ ከሥሯ ሰማያዊ ጀልባ ተደፍታለች። አጎታችን ገና እንዳየው መዳፉን ሽፋኑ ላይ ጣለና አለቀ፣ ይሄ ነው፣ ሌላ ገጽ የሚገልጥ ሰው እንዳላይ አለ። እጮኛሽም ማዕበል ላይ መንሳፈፍ አስተምራታለሁ እያለ በተቀመጠበት እጁን ያወናጭፍ ጀመር። እማዬ የጠረጴዛ መጥረጊያ ጨርቅ ይዛ ቆማ፣ ለፎቶ ያምራል፣ ሰው ሁሉ ያይልናል አለች።

እኔ ግን ያንን መጽሔት ሳልወድ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። አንድን ወረቀት ሺህ ጊዜ ስታጥፊ ዓይንሽ የሚያርፍበት ያጣል፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ያሉትን ጉንዳን የሚያህሉ ፊደሎች ሳይቀር ታነቢያለሽ። ሽፋኑ ላይ ስሙ የተጻፈው ቦታ በጀልባ አራት ሰዓት ያስኬዳል። ማዕበሉ ኃይለኛ ነው። ወባ አለበት፤ የሚሄድ ሰው ሳምንት አስቀድሞ ክኒን መጀመር አለበት ይላል። ከሥሩ ደግሞ ክኒኑ ለእነማን እንደማይሰጥ በተርታ ተጽፏል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ አንደኛዋ መስመር ላይ ስደርስ እጄ ማጠፉን አቆመ።

እናም ተናገርሁ። እዚያ ወባ አለ አልሁ። ድምፄ ስላልወጣ አጎታችን፣ ባወጣልኝ ስም፣ ሹክሹክታ ምን አለች? ብሎ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። ደገምሁት። ታዲያ ክኒን ይዋጣላ፣ እኔ ቆላ ስሠራ ዓመት ሙሉ እንደ ከረሜላ ነው የቆረጠምሁት አለ። እጮኛሽም እሷ ከእኔ ትጠነክራለች፣ ክኒን ነው የሚያቅታት? አለ። ጀልባው አራት ሰዓት ያናውጣል አልሁ። እጮኛሽ አይዞሽ፣ አንቺን አንወስድሽም አለኝና ሳቁብኝ። ማዕበሉስ? ስል እማዬ ከጀርባዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችና ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ ተይ ልጄ፣ ሰው በእህቷ ቀናች ይልሻል አለችኝ።

እህቴ፣ እሱ ነው የጎዳኝ። ሳቁ ምንም አልነበረም። በአንቺ የቀናሁ መምሰሌን ግን አልቻልሁትም። አንድ ቃል ብናገር ክርክሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ አጎታችንም ሽፋኑን በገዛ እጁ ይገለብጠው ነበር። ቃሉ ግን የእኔ አይደለም፣ ያንቺ ነው። ስለዚህ የራሴ የሆነ ነገር ፈለግሁ። የራሴ የነበረው ጥፋቴ ብቻ ነው።

ተነሥቼ የእማዬን መስታወት ከግድግዳው አወረድሁት። ምን ልትሆኚ ነው አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ሽፋኑን ፊት ለፊቱ ያዝሁት። ከቦርሳዬ ሌላ ቅጂ አወጣሁና ገጽ ዘጠኝን ገልጬ ከመስታወቱ ጎን አስቀመጥሁ። ገጽ ዘጠኝ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ቀለም የሌላት ፎቶ አለች፤ ማንም አይቷት አያውቅም። መስታወቱ ውስጥ ዘንባባዋ ወደ ግራ ተሻገረች። ገጽ ዘጠኝም ላይ በስተግራ ናት። ጀልባዋም እዚያው ከሥሯ ተደፍታለች።

ከዚያ ተናዘዝሁ። የሽፋኑ እውነተኛ ፎቶ እኔ እጅ ላይ ነው የተበላሸው፤ ማጣበቂያ ደፋሁበት። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ ባሕር ባሕር ነው፣ ማን ይለየዋል፣ የሚያምር ፈልጊና አምጪ አለኝ። የገጽ ዘጠኝን ባለቀለም ዋና ፎቶ መርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱም እንዳይታወቅ ግራና ቀኙን አዙሮ ሽፋኑ ላይ አወጣው። ስለዚህ እናንተ የወደዳችሁት የሽፋኑን ቦታ አይደለም፣ ገጽ ዘጠኝን ነው አልኋቸው። ይህን ሁሉ የተናገርሁት ጠረጴዛውን እያየሁ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው ተናገርሁት። አጎታችን አንድም ጊዜ ምን አለች ብሎ አልጠየቀም።

እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ልጄን በውሸት ሥራ እንጀራ ብዪ ብዬ አላሳደግኋትም አለች። አንገቴን ደፋሁ፤ እውነቷን ነው። እጮኛሽ ግን መጽሔቱን ከእጄ ወስዶ አንዴ መስታወቱን አንዴ ገጹን እያየ ቆየና የገጽ ዘጠኝን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ትንሽ ደሴት ናት፣ በድልድይ መኪና እስከ ማረፊያው ደጃፍ ይደርሳል። ባሕሩን ከሩቅ ድንጋይ እንደ አጥር ከቦታል፣ ማዕበል አይገባም፣ ውሃው ሩቅ ድረስ ከወገብ አያልፍም። ወባ የለም። ጤና ጣቢያ አለ። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። ሦስቴ የተናገርሽው ይሄንን ኖሯል አለኝ። አጎታችን፣ ይሄ ማተሚያ ቤት ነው የአስማት ቤት? ብሎ ሳቀና መዳፉን አንሥቶ ገጽ ዘጠኝ ላይ ጣለ። አለቀ፣ ይሄ ነው አለ፣ ቅድም ስለ ሽፋኑ ያላለ ይመስል።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይነግርብኝ ብዬ ለጋሼ እኔው ነገርሁት። ለቤተሰቦቼ ተናግሬያለሁ፣ ለሌላውም ሰው ቢነገር ጥሩ ነው፣ አንድ ሰው ሽፋኑን አምኖ ይሄዳል አልሁት። ሊያባርረኝ ነው ብዬ የሥራ ልብሴን ቁልፍ መፍታት ጀምሬ ነበር። መነጽሩን አውልቆ እያየኝ፣ አንቺ ልጅ ለካ አፍ አለሽ አለኝ። ከዚያ ለወኪሉ ደውሎ ትክክለኛውን ፎቶ እንዲልኩለት ጠየቀ። መጋዘን የቀረውን ሽፋን ሁሉ ገንጥዬ አዲሱን የጠረዝሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጣቶቼ ቆስለዋል፣ ግን ደስ ይለኛል። አዲሱ ሽፋን ላይ ማዕበሉ ይታያል። የሚወድ ሰው አውቆ ይሄዳል።

አንድ ሌላ ነገር አድርጌአለሁ፣ አትቆጪኝ። በምሳ ሰዓት ከጋሼ ስልክ ወደ ደሴቷ ጤና ጣቢያ ደወልሁ። እኔ ነኝ የደወልሁት፣ ማንም አልደወለልኝም። መጀመሪያ ሃሎ ብዬ ዘጋሁት። ሁለተኛ ስደውል ያችው ሴት አነሣችና፣ ቅድም የዘጋሽው አንቺ ነሽ? አይዞሽ ተናገሪ አለችኝ። ሴት ሐኪም አለች? አልኋት። ማክሰኞና ዓርብ ትገባለች አለችኝ። ለምን እንደፈለግሁ አልነገርኋትም፤ እሷም እንደ እኔ ናት መሰለኝ፣ አልጠየቀችኝም። ማክሰኞና ዓርብ። ይህንን ብቻ በቃልሽ ያዢው።

የባሕሩ ዳር ረጅምና ሜዳ ነው ይላል፤ ድንጋይ የለውም፣ ቀስ እያሉ ይሄዱበታል። እጮኛሽ ሲራመድ ፈጣን ነው፣ ሲሰማ ግን እንደማይቸኩል እሑድ ለት አይቻለሁ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን እየሄደ አንድ ነገር ለመነጋገር የሚመች ቦታ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ደግሞ ትናንት ሄጄ ነበር። ቀሚስሽ ሊያልቅ ነው፣ ያምራል። ወገቡ ላይ ከውስጥ በኩል አራት ጣት ጨርቅ ሳትቆርጥ እንድትተውልኝ ለመንኋት። ይህቺ ሸንቃጣ ልጅ ምን ያደርግላታል? ብላ ስትስቅ፣ እህቴ ሠርግ ሲደርስ ትበላለች አልኋት። በሕይወቴ ሰው ፊት የዋሸሁት ሁለተኛው ውሸት ነው። ይሄኛው ግን አይቆጨኝም።

እንግዲህ ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። እግርሽ እንቅፋት አይምታው፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ የያዝሽውን ሁሉ በሰላም ያድርስልሽ። ምግብ ባያሰኝሽም በትንሽ በትንሹ ብዪ። ከባድ ሻንጣ እንዳታነሺ፤ ስትመጪ መናኸሪያ ጠብቄ እኔ እሸከምልሻለሁ።

ሁሌም የምትኮራብሽ፣
ታናሽ እህትሽ