ለግራ እጅ የሚሆን አስተማሪ

ሚዛን ተፈሪ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምወድህ ልጄ ባስልኤል፣

የሎግያ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እዚህ ዝናቡ ከሰኔ ወዲህ ፋታ አልሰጠንም፤ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ መሽተት ይጀምራል። አንተ በዚያ በረሃ ጋራዥ የጋለ ብረት ስትነካ እኔ እዚህ ከመጻሕፍቴ ላይ ሻጋታ እጠርጋለሁ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴ ዳገት ላይ ከማስቸገሩ በቀር የሚወራ ነገር የለኝም። ሐሴትም ደህና ናት፤ ክሊኒኩ ሥራ አብዝቶባታል። ሰላምታሽን ልጻፍልሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ «ሚስት እንዳለው ያስታውስ፤ ይኸው ነው» አለችኝ። ቃሏን ሳልቀንስና ሳልጨምር አስፍሬዋለሁ።

ደብዳቤ የመረጥኩት፣ በስልክ የልጅህን የልዩን ስም ባነሳሁ ቁጥር «አባዬ፣ መኪና መጣብኝ» እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋም። ዛሬ የምጽፍልህ ደግሞ ስለ እሷ ብቻ ስለሆነ ተቀምጠህ አንብበው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን እራት ላይ ልጅህ ቀና ብላ፣ «ጊታር መማር እፈልጋለሁ» አለች። ሐሴት እኔን አየች፤ እኔ ሳህኔን አየሁ። የቡና መፈልፈያው ማሽን የግራ እጇን ሁለት መካከለኛ ጣቶች ከወሰደባት፣ አንተም ራስህን ወቅሰህ ከቤት ከወጣህ ጀምሮ ልዩ እፈልጋለሁ የሚለውን ቃል ትታው ነበር። ሲሰጧት ትበላለች፤ ሲገዛላት ትለብሳለች፤ ስትጠየቅ «እሺ» ትላለች። ስለዚህ ነገሩ የጊታር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። አሁን አንድ አስተማሪ እጇን አይቶ ቢመልሳት ሁለተኛ ምንም ነገር አትጠይቅም። ሐሴት ለስልጠና ጅማ ሄዳ ስትመለስ ጊታሩን ይዛ መጣች። አስተማሪ መፈለግ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ጠባዬን ታውቀዋለህ። ርዕሰ መምህር ሳለሁ ሲያስተምር ክፍሉ ገብቼ ያላየሁትን መምህር መልካም ነው ብዬ አላውቅም። አሁንም እንደዚያው ወሰንኩ፤ ትምህርቱን ዳር ተቀምጬ አያለሁ። የምመለከተውም አንድ ነገር ነው፦ ተማሪው ሲሳሳት የአስተማሪው ፊት ምን ይሆናል?

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቲቶ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን የሚያጅበው ልጅ እሱ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ ልጆች ያስተምራል። እንዳየሁት ትዕግሥተኛ ነው፤ በሚሳሳት ልጅ ላይ ፊቱ አይለወጥም። ግን የልዩን እጅ ሲያይ ተለወጠ። በጣም ደግ ሆነ። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ ኪቦርድ ብትማር አይሻልም? ጊታር አንገቱ ላይ የሚይዘው እኮ ግራ እጅ ነው» አለኝ። ዝቅ ያለ ድምፅ ልጆች ከሁሉ በፊት የሚሰሙት ነው። ልዩ እጇን ሹራብ ኪሷ ውስጥ ከተተች። ቤት እስክንደርስ አላወጣችውም።

ከዚያ ወደ ቴፒ ወረድን። በዛብህ የሚባል፣ በሠርግና በሆቴል የሚጫወት ሰው አለ ብለውኝ ነበር። እሱ እጇን አይቶ አልደነገጠም። «ይሄ ምንድን ነው ታዲያ! በእግሩ የሚጫወት ሰው አለ አይደል እንዴ፣ ፋዘር!» ብሎ ትከሻዬን መታ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጊታሩን አነሳና መጫወት ጀመረ። ተጫወተ፤ ተጫወተ። መካከል ላይ ለልዩ ሰጣትና ገና አንድ ክር ስትነካ፣ «እንዲህ እኮ ነው!» ብሎ መልሶ ወሰደው። ሰዓቱ አለቀ። በሚኒባሱ ስንመለስ፣ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» አልኳት።

«እሱ ጎበዝ እንደሆነ» አለች።

ሳቅኩኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «አባባ፣ ይቅር በቃ» አለችኝ። የፈራሁት ቃል እሱ ነበር። «አንድ ቦታ ይቀረናል» አልኳት። እውነቱን ልንገርህ፣ የሚቀረን ቦታ የትኛው እንደሆነ ገና አላውቅም ነበር።

ያን ሳምንት በመንገድ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። በመጨረሻ ጎረቤታችን በየነች፣ አገሯ ሸኮ ውስጥ ዓለምሸት የምትባል የኪነ ጥበብ መምህርት እንዳለች ነገረችኝ፤ ከትምህርት በኋላ በራሷ ጊታር ልጆች ታስተምራለች። ቅዳሜ ማለዳ ሄድን። ወጣት ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ እጇ ጠመኔ የያዘ። እኔ ነገሩን ላስረዳ አፌን ስከፍት በእጇ አቆመችኝና ልዩን ጠየቀቻት።

«ይሄኛው እጅ ምን ምን ይችላል?»

ልዩ ግራ እጇን ገልብጣ አየችው። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለማ። «እርሳስ ይይዛል» አለች።

«ሌላስ?»

«ማንኪያ። ቁልፍ ይቆልፋል። ሐያትን ይቆነጥጣል።»

«ሐያት ማን ናት?»

«ከእኔ ጋር የምትቀመጠው። ፀጉሬን ስትጎትተኝ ነው እንጂ ዝም ብዬ አልቆነጥጣትም።»

«የሚቆነጥጥ እጅማ ክር ይመታል» አለች ዓለምሸት። «አንገቱን ቀኝሽ ይይዘዋል። ጊታሩን እንገለብጠዋለን።»

«እንዲህ አስተምረሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አላውቅም፣ ጋሼ። አብረን እናየዋለን።»

ባስልኤል፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ መምህራንን እንዲሉት ስለምናቸው የኖርኩት ይህን ቃል ነበር። አላውቅም፣ አብረን እናየዋለን።

ክሮቹን ፈታች፤ ወፍራሙን በቀጭኑ ቦታ፣ ቀጭኑን በወፍራሙ ቦታ አድርጋ አሰረች። ቃኝታ ለልዩ ሰጠቻት። ልዩ ገና ስትመታው ወፍራሙ ክር ጧ ብሎ ከቦታው ዘለለ። ልጅቷ ደንግጣ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። ዓለምሸት ግን ጎንበስ ብላ አየችና በሳቅ ፈነዳች።

«የኔ ስህተት ነው! ለቀጭን ክር በተቆረጠ ጠባብ ቦታ ወፍራም ክር አስቀምጣለሁ እንዴ? ታዲያ እኔ ስሳሳት አንቺ ምን አስደበቀሽ?»

እኔ የተማሪዋን ስህተት ስጠብቅ የአስተማሪዋን አየሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም። ክሩ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ሞረድ አሰፋችው፤ ቀጭኑ ክር በሰፊው ውስጥ እንዳይንቀጠቀጥም የፕላስቲክ ቁራጭ አነጠፈችለት። ልዩ አጠገቧ ተቀምጣ ሞረዱን ስታቀብልና ስትቀበል በሁለቱም እጇ ነበር። እንደዚያ መሆኗን እሷ ያወቀች አይመስለኝም።

የገረመኝን ልንገርህ። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቀመጡ የሁለቱም ጊታር አንገት ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል፤ አንዷ ለሌላዋ መስታወት ሆነች። ሌሎቹ ልጆች መምህሯ የምታሳየውን በጭንቅላታቸው መገልበጥ አለባቸው፤ ልዩ ያየችውን እንዳለ ታደርገዋለች። ዘመኔን ሁሉ ሂሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሳይ ተነስቼ ላስረዳቸው ቃጣኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ዓለምሸት፣ «ጋሼ፣ በከዘራዎ ወለሉን ሲመቱ ልዩ የእርስዎን ምት ነው የምትከተለው። ውጭ ቢጠብቁንስ?» አለችኝ። ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የምሰማ ተማሪ እኔ ነኝ።

ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የቀኝ እጇ ጣቶች ጫፍ ቆሰለ። በኋላ ጠነከረና፣ «አባባ፣ ንካው፤ እንደ በቆሎ ሆኗል» እያለች እንግዳ ሁሉ ጣቷን እንዲነካ ማስገደድ ጀመረች። ቤት ውስጥ አንዱን ነገር ደጋግማ ስትለማመድ ሐሴት «ኧረ ልጄ፣ ሌላ የለሽም?» ትላለች፤ ግን በር አትዘጋም። ልዩ አሁን እፈልጋለሁ ትላለች። አልፈልግምም ትላለች። እንዲያውም አልፈልግም በዝቷል።

ባለፈው እሑድ በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልዩ ወንበር ላይ ወጥታ ጊታሩን በግልባጭ ስትይዝ ከኋላዬ አንድ ሰው «ገልብጣ ያዘችው!» ሲል ሰማሁ፤ ሌላው ደግሞ «እስኪ እጇን እየው» አለው። ልዩም ዓለምሸት ያስጠናቻትን ቃል የሌለው አጭር ዜማ ተጫወተች፤ ባቲ ቅኝት ነው። ሁለት ቦታ ተሳስታለች፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ደብዳቤው እውነተኛ አይሆንም። ሁለቱንም ጊዜ አልቆመችም፤ እጇንም አልደበቀችም። ሲያልቅ ጭብጨባው ዝናቡን ዋጠው። ከሸኮ ድረስ የመጣችው ዓለምሸት ወንበር ላይ ቆማ ታፏጫለች። ሐሴት ታለቅሳለች። እኔ ከዘራዬን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ባዘዘው ማይኩን ይዘው፣ «ልዩ አሞጽ ነበረች! እንደገና እናጨብጭብላት!» አሉ። እኔን ያውቁኛል፤ ወላጅ ሲጠራም የምሄደው እኔ ነኝ፤ አልፈርድባቸውም። ልዩ ከመድረኩ ልትወርድ አንድ እግሯን አውርዳ ነበር። ተመለሰች። ጊታሩን እንደታቀፈች ማይኩ ድረስ ሄዳ በእግር ጣቷ ቆማ፣

«አይደለም» አለች። «ልዩ ባስልኤል ነኝ። አሞጽ አያቴ ነው። አባቴ ባስልኤል ነው፤ ሎግያ ትልልቅ መኪና ይሠራል።»

ሰው ሳቀ፤ አቶ ባዘዘውም ስቀው «ልዩ ባስልኤል!» ብለው ደገሙላት። ማንም አላስጠናትም፤ እኔም አልመከርኳት፤ እናቷም እንደዚያው። ልጄ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ስምህን እንዲህ ከፍ አድርጎ የጠራ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። የእኔ ስም ሲታረም የኮራሁትም ያን ቀን ብቻ ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሹፌሩ ናስር ነው። ከዚህ ቡና ጭኖ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ሲመለስም በሎግያ ያልፋል። ረዳቱ ሥራ ስለለቀቀ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ እንደሆነ ነግሮኛል። እንድታውቀው ያህል ነው የጻፍኩት።

እግዚአብሔር በፀሐዩ ጥላ፣ በመንገዱ መሪ ይሁንህ። የእጆችህን ሥራ ያጽናልህ፤ እንቅልፍህን ይመልስልህ።

ሁልጊዜ አባትህ የሆንኩ
አሞጽ