ግድግዳው ላይ የቀረው ፊትሽ

ሌንሳ፣ የማኅፀኔ ልጅ፣

ከተለየሽኝ አንድ በጋ አለፈ፤ አሁን ዝናቡ ጀምሯል። እስክሪብቶ ይዤ ከተቀመጥሁ ቆየሁ። የኔ ትምህርት ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም። ግን ለሌላ ሰው የማልናገረው ስለሆነ ላንቺው ልጻፈው።

ክፍልሽን አላከራየሁትም። የሣልሻት አረንጓዴዋ ላም አሁንም መስኮቱ ሥር ናት። የሲሬው ባለ ሥጋ ቤት ታፔላ ሥሪልኝ ቢልሽ ያቺን ላም ሠርተሽ የወሰድሽለት ትዝ ይልሻል? ዓይኗ ግንባሯን ሞልቶ፣ አፏ ተከፍቶ። ሰውየው «እንዴ ልጄ፣ ይቺን ያየ ሰው ሥጋ ሊገዛ ነው ወይስ ለቅሶ ሊደርስ?» ብሎ መለሰሽ። አንቺ በመኪና ውስጥ እስከ ነቀምቴ ሳቅሽ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ለምን እንደ መልኳ አትሥያትም ስልሽ፣ «ሀርሜ፣ እናቴ፣ መልኳን አይደለም የምሥለው፤ ቢላዋውን ስታይ የተሰማትን ነው» አልሽኝ። ያን ቀን አልገባኝም።

የራስሽን ፊት የሣልሽው ሕመሙ ከጠናብሽ በኋላ ነው። ብሩሽ መያዝ ሲያቅትሽ ቀለሙን በጣትሽ እየዛቅሽ ለጠፍሽው። ጉንጭሽ ቢጫ፣ አፍሽ ጥቁር፣ ዓይኖችሽ የሚጮኹ። ልጠጋው ስል፣ የዘይት ቀለም ቆዳው ቢደርቅ ሆዱ እርጥብ ነው፣ ወራት ይፈልጋል ብለሽ ከለከልሽኝ።

በለቅሶሽ ቀን ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ሥዕሉን አየችው። እንዴት እንደምትወድሽ ታውቂያለሽ። «ያ ዋቃ! ልጅቷ እንዲህ ሆናማ ለሰው አትታይም» ብላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ ከበላዩ ስትመረቂ የተነሣሽውን ፎቶ ሰቀለች። ሰዎች ደግሞ የዕድሩን አግዳሚ ወንበሮች እዚያው አስደገፉበት። እያየሁ ነበር።

ለቀስተኛው ሄዶ ወንበሮቹ ሲነሡ፣ ሥዕሉ ከጭቃው ልስን ጋር ተጣብቆ ጠበቀኝ። ቀስ ብዬ ባላቅቀውም ግማሽ ፊትሽ ግድግዳው ላይ ቀረ። አንድ ዓይንሽና አፍሽ እዚያ ናቸው። ሸራው ላይ የቀረልኝ ሌላው ዓይንና ጉንጭሽ ነው።

አብሮሽ የተማረው ሠዓሊ ከአኖ መጥቶ አየው። ቢፋቅ ይፈረፈራል፣ ቢተውም ይረግፋል አለኝ፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ ሄደ። የሰፈራችንን የቡርቃ ጃቶን ክረምት ታውቂዋለሽ። እርጥበቱ ከሥር እየወጣ ልስኑን ያላላዋል። ስጠርግ ቢጫ ፍርፋሪ ከአቧራው ጋር ይመጣብኛል። እዚያ ጥግ መጥረግ ትቻለሁ።

ለአዴ ጫልቱ አልነገርኳትም። ስትመጣ መጋረጃ እስብበታለሁ። በደግነት ያደረገችውን ምን ብዬ ልንገራት? እሑድ ከቸርች ስትመለስ ግን፣ እኔ ውኃ ልቀዳ ወጣ ስል መጋረጃውን ገልጣዋለች። ስገባ ቆማ አገኘኋት። ማን እንዳደረገው አልጠየቀችኝም። «ይህን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ውኃ ሳጠጣት እንዲህ ነበር የምታየኝ» አለች።

ወዲያው ከአፍሽ ጥግ ልስኑ ተላቀቀ። በሁለት እጇ ተቀበለችው። «ምን ላድርገው?» አለችኝ። ከቦታው መልሳ በመዳፏ ደገፈችው። የእሷ እጅ ያልደረሰበትን እኔ ደገፍሁ። ውጭ ይዘንብ ነበር።

ልጄ፣ ዝናቡን ላቆምልሽ አልችልም፤ ግድግዳውንም አላድነውም። አልረሳሽም ብቻ ነው የምልሽ፤ በእጄ የቀረኝ ይኸው ነው። ያን እሑድ፣ እጃችንን ካነሣን እንደሚወድቅ ሁለታችንም እናውቅ ስለነበር፣ ከሁለታችን ቀድማ እጇን ያነሣች የለችም።

እናትሽ