የፊቱ ደጅና የጓሮው ሽንቁር

ለውድ ወንድሜ ለይስማው፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ ወባስ ተወህ ወይስ አሁንም እየተመላለሰ ይጎበኝሃል? ምሥራቅስ ደህና ናት? ገና በዓይኔ ሳላያት በስልክ ድምጿን ብቻ ሰምቼ የወደድኳት እጮኛህ፣ እናትና አባቷስ እንደምን አሉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ብርድ ሲመጣ ያስቸግራታል፤ ምላሷ ግን እንደምታውቀው አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። ባለቤቴ እንዳላማውም፣ ልጄ ጤናዬም ደህና ናቸው። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትለኝ ይሆናል። አንተ በደወልክ ቁጥር እማዬ ከጎኔ ተለጥፋ ምን አለ፣ ምን አለ እያለች አንዲት ቃል አታሳልፍም። ይህን የምጽፍልህን ነገር ደግሞ እሷ እየሰማች ልነግርህ አልችልም። መምህር ምስጋናው ለሥልጠና ወደ እናንተ አገር እንደሚሄድ ስሰማ ጊዜ፣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ወዲያ ገፋ አድርጌ በእሱ እጅ የምልክልህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ተቀምጠህ አንብበው፤ ስትሄድ አታንብበው።

በጥር ስትደውል ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ምሥራቅንና ወላጆቿን ይዘህ እንደምትመጣ ነገርከን። እማዬ እልል ስትል አንተ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ እታለም፣ ደጁን ትንሽ አስተካክይው፤ የድሮው ነገር እንዳይታይ፣ አልከኝ። እሺ አልኩህ። ምን ማለትህ እንደሆነ ገብቶኛል። እማዬ አባታችን ከሞተ ጀምሮ በዚያ ደጅ ጠላ እየሸጠች ነው ያሳደገችን፤ አንተም ሥራ እንደያዝክ ከእንግዲህ ጥንስስ አትንኪ ብለህ አስቆምካት። አልፈርድብህም። እኔም ብሆን ኮሌጅ ሳለሁ እናትሽ ምን ትሠራለች ላሉኝ ሁሉ እህል ትነግዳለች ስል ነበር። ብቅል እህል ነው ካልን አልዋሸሁም።

እንዳልከኝ የድሮውን ዕቃ ልደብቅ ተነሥቼ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ደብረ ማርቆስ ነው። በየካቲት ለስብሰባ ሄደን ያረፍንበት ሆቴል መግቢያው ላይ ምን ሰቅለዋል መሰለህ? ቀንበር! በሬ ሲጎትተው የኖረ እውነተኛ ቀንበር፤ አበባ አንጠልጥለውበታል። ከሥሩ አፉ የተሸረፈ ጋን አቁመው ተክል ተክለውበታል። ሰዉ እየተጋፋ ፎቶ ይነሣበታል። ቆሜ ሳየው፣ ይህ እኮ የእኛው ጓዳ ነው፣ የሚለየው ፀሐይ መሞቁ ነው አልኩ። ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ደጃችንን በሐሳቤ ሳስጌጥ አደርኩ ብልህ አታምነኝም።

እንደተመለስኩ ሥራ ጀመርኩ። ሁለቱን ጋኖች ከጓዳ አወጣናቸው። አንደኛው አንተ ኳስ ስትመታ አፉን የሸረፍከው ነው፤ እማዬ ያን ዕለት ያሳደደችህን መቼም አትረሳውም። ከውጭው በር ግራና ቀኝ አቆምኳቸውና በአንዱ አሪቲ፣ በሌላው ጽጌረዳ ተከልኩ። የአያታችንን የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ መወጣጫ አደረግሁት። የድሮውን የሽቦ አልጋ ራስጌ ከግድግዳው አስጠግቼ ሐረግ አስወጣሁበት። ትምህርት ቤታችን የጣለውን ዴስክ አስፈቅጄ አምጥቼ፣ እንዳላማው እግሩን ጠግኖልኝ መቀመጫ ሆነ። መጠገኑን ይጠግናል እንጂ አፉም አላረፈም፤ ሰው ለቆራሌው የሚሸጠውን አንቺ ትሰበስቢያለሽ፣ ቆራሌው ሲያልፍ አንቺንም እንዳይወስድሽ ይለኛል። ፋኖሱን በሩ ላይ ሰቀልኩት። የቲማቲምና የዘይት ጣሳዎችን ቀለም ቀብቼ አበባ ሞላሁባቸው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ የእጅ መታጠቢያችን ሁሉ ወደ አበባ ይደፋል።

እማዬ መጀመሪያ ላይ በሩቁ ታየኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከዘራዋን ይዛ ወጣችና ጋን እንዲህ አይቆምም ብላ ሥሩን በድንጋይ አስደላድላ መለሰችው። ከዚያ ወዲያ አዛዥ ሆነች። በአንድ ነገር ብቻ ተከራከርን፤ በጌሾው። በበሩ ቀኝ ያለውን ያን ጌሾ አንተ እንዳትቀየም ብዬ ልቆርጠው መጥረቢያ ሳነሣ፣ እጅሽን ሰብስቢ፣ ስንት ዓመት ያበላሽን ዛፍ ነው አለችኝ። ተውኩት። አሁን ስታየው ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው፤ ቅጠሉ ታጥቦ ሲያበራ የከተማ ሰው ስሙን የማያውቀው የፈረንጅ ተክል ይመስላል።

ከዚያ ጥፋቴ መጣ። ከጓዳው ቆጥ ላይ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ የእማዬን ጣሳ ከነእንጨቱ አገኘሁት። ጠላውን ያስቆምካት ጊዜ ከደጅ ነቅላ ያስቀመጠችው ነው። ይህንም ከሌሎቹ ጋር አበባ ልተክልበት አሰብኩ፤ ነገር ግን ቂጡን ዝገት በልቶት አፈር አልይዝ አለ። ከሚጣል ብዬ እንጨቱ ላይ ደፋ አድርጌ ሰካሁት፣ ሐረግ ጠመጠምኩበት፣ ከበሩ ጎንም አቆምኩት። ዓይኔ ላይ አማረ። እማዬ አይታ ምንም አላለችም። በእንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ጠላ አለ፣ ግቡ ማለት መሆኑን የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም፤ እኔ የጠላ ሻጭ ልጅ አበባ አበባ ስል ረሳሁት!

በማግስቱ ገበያ ነበር። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ደጃችን ላይ ሦስት አህዮች ታስረዋል። አንዱ የጽጌረዳዬን ቀንበጥ ያላምጣል። ዱላው ሁሉ በአልጋው ራስጌ ላይ ተደግፏል። ስድስት ሰባት የሚሆኑ ገበሬዎች በዴስኩም በወፍጮ ድንጋዩም ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እማዬ መካከላቸው ናት። ጠላ የለም ብትላቸው፣ ታዲያ ጣሳው ምን ሊሠራ ቆመ ብለው ተቆጥተዋት፣ እሷም ልጄ አበባ መስሏት ነው ብላ ስትነግራቸው ሳቁ። ጠላው ቢቀር ጥላው አለ ብለው ተቀመጡ። ቆሎና ውሃ አቅርባላቸዋለች። ይስማው፣ እማዬን እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዓመቴ ነው! ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ጥርሷ ሁሉ ታይቶ፣ የዚህን ከብት፣ የዚያን ልጅ በስም እየጠራች ትጠይቃለች። እኔ ጡረታ ያወጣናት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰው ነው የነሣናት።

ከእነሱ መካከል አያ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ በየገበያው የሚመጡት፣ እኒያ ግራ ዓይናቸውን የሚያማቸው። ዙሪያውን ቃኝተው፣ አሰገደች፣ ያ ከጋኑ ኋላ ተቀምጦ የሚያጠናው ልጅሽ የት ደረሰ ብለው ጠየቋት። በዩኒቨርሲቲ ያስተምራል አለቻቸው። ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው ምን አሉ መሰለህ? እሷ ልጄ ያጠናል እያለች ስትቆጣን እኛ በሹክሹክታ ነበር የምንጠጣው፤ ሞቅ ያለውን ሰው ከዚህ አስወጥተን ሌላ ቤት እንወስደው ነበር፤ እንግዲህ በዚያ ልጅ ትምህርት ውስጥ የእኛም ዝምታ አለበት አሉ። ሌሎቹም እንዴታ አሉ። እኛ የሚያሾፉብን ይመስለን የነበሩት ሰዎች ናቸው እንግዲህ። እኔ ቆሎ ልጨምር ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ቆሎም አልጨመርኩ፣ ቶሎም አልወጣሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ የእማዬ ፊት ተለወጠ። ጣሳውን አውርጂው አለችኝ። ለምን ብላት፣ ይስማው ከነአማቾቹ ሲመጣ ይህን እንዳያይ፣ ልጄን በሰው ፊት እንዳታዋርጂብኝ አለች። አወረድኩት። ግን አልጣልኩትም፤ ቀና አድርጌ ቂጡ ላይ ገል አነጠፍኩና አፈር ሞልቼ ጤና አዳም ተከልኩበት። የተደፋ ጣሳ ጠላ ነው፣ የቀና ጣሳ አበባ ነው፤ ከእንግዲህ የሚሳሳት የለም። እማዬ ጠዋት ጠዋት ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ነው የምታጠጣው።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ነገር ልግባ። የፊቱ ደጅ ሲያልቅ፣ ጓሮውም እንዲያምር ብዬ በየዓመቱ አጥራችንን የሚያጥርልንን አበረን ጠራሁና ያን ሽንቁር ዝጋው አልኩት። ሽንቁሩን ታውቀዋለህ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ፣ ጓደኞችህ ጠላ ቤት ስትገባ እንዳያዩህ፣ በጎረቤት ጓሮ ዞረህ በአጥሩ መካከል ሾልከህ ነበር የምትገባው። ባለፈው ዓመት እንኳ ሻንጣህን ይዘህ በዚያው መጣህ፤ መንገዱ ይቀርባል ብለህ። አይቀርብም ወንድሜ፤ በእርምጃ ለክቼዋለሁ። አበረ ራሱን እያከከ፣ እኔማ ብዘጋው ደስ ይለኛል፤ እማማ ግን በየዓመቱ የዶሮ መተላለፊያ ነው፣ ተዋት ይሉኛል፤ ዘንድሮማ ጭራሽ አንድ አጣና እንዳወጣ አዘዙኝ አለኝ። ዶሮ ማርባት ካቆምን እኮ አራት ዓመታችን ነው።

ሄጄ ጠየቅኋት። እህል እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም። ልጄ ሰው ያየኛል ብሎ የፈራ እንደሆነ በየት ይግባ አለችኝ። አጣናውንስ ለምን አስወጣሽ ብላት፣ ባለፈው ሻንጣው ይዞት ሲታገል አየሁት አለች። ይኸው ነው። ለካ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። ለካ ያ ሽንቁር አጥሩ አርጅቶ የተከፈተ ሳይሆን እሷ የከፈተችልህ በር ነው። እሾኩን ራሷ እየለቀመች፣ ልብስህን እንዳይዝብህ እያለች። በዚያ ምሽት በጣም ተናደድኩብህ። ኋላ ያቺ እህል ነጋዴ እናቴ ትዝ አለችኝና ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ፤ እኔም በአፌ ሽንቁር ሾልኬ ገብቻለሁ።

ይስማው፣ እየወቀስኩህ አይደለም። ልጅ ነበርክ፤ የልጅ እፍረት ደግሞ የሚያቃጥል ነገር ነው። አሁን ግን ትልቅ ሰው ነህ፣ ሚስት ልታገባ ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ከመኪናው ወርደህ እንግዶችህን ይዘህ በሁለቱ ጋኖች መካከል፣ በጌሾው ሥር፣ በፊት ለፊት ግባ። ለምሥራቅም ያን የተሸረፈ ጋን አሳያትና ማን እንደሸረፈው ንገራት። እናቷ ይህ ምን ነበር ካሉህ ጠላ ነበር በላቸው፤ ጠላ የማያውቅ አገር የለም፣ የሚከፋቸው አይመስለኝም። የሚከፋቸው ከሆነም ከሠርጉ በፊት ማወቁ ይሻላል። ሽንቁሩን የሚዘጋበትን አጣና አበረ አምጥቶ አጥሩ ሥር ከምሮታል። እሷ ግን አታስነካም፤ አንተ በፊት ለፊት ስትገባ ካላየች በቀር ሽንቁሩ አይዘጋም።

እንዳላማው ናፍቆኛል ብሎሃል፤ ዴስኩን የጠገንኩት እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊልኝ ስላለኝ ጽፌያለሁ። ጤናዬ አጎቴ ከሐይቁ አዞ ፎቶ ያምጣልኝ ትላለች፤ ጉንጭህን ስማሃለች። አበረ እጅ ነሥቷል። አያ ቢተው ባለፈው ገበያ መጥተው፣ ያ ልጅ ሲመጣ ንገሩኝ፣ በሹክሹክታ እጠይቀዋለሁ ብለዋል። ለምሥራቅና ለወላጆቿ ሰላምታችንን አድርስልን።

እማዬ እዚህ ተቀምጣ ብዕሬን ታያለች፤ ማንበብ ባለመቻሏ ዛሬ ብቻ ደስ አለኝ። አሁን ለይስማው ምን ልበልልሽ አልኳት። በመስኮቱ ወደ አበባው፣ ከዚያም ወደ ጓሮው አየች። በደጅም ይሁን በጓሮ፣ በቀለለው ይግባ፤ ብቻ ይምጣ በይልኝ አለች።

እታለምህ ዘመናይ
ይጁቤ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.