የሰባተኛው ፎቅ በር

ውድ እትዬ፣

ሥልጠናው እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆንብኛል። ሁለት ጊዜ ደውዬልሽ ስለ አየሩ ጠባይ ቀባጥሬ ዘጋሁት። ይኸው ይህን ደብዳቤ ጽፌ በባልደረባሽ እጅ ላክሁልሽ። ሰኞ የአዲሱን የሆስፒታል ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ፣ የማዋለጃ ክፍልሽን፣ ከመረከብሽ በፊት አንብቢው።

«ደወል እየደወልክ ደሞዝ ትበላለህ» እያልሽ የምትስቂበትን ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሐሙስ ዕለት የእሳት መከላከያውን ሁሉ በአንድ ላይ ሞከርን። እስከዚያ እያንዳንዱ ባለሙያ የየራሱን ለብቻው አሳይቶ፣ ተመስግኖ ሄዷል። መብራት ቆረጥን፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሙከራ ጭስ ነፋን። ደወሉ ጮኸ። አሳንሰሮቹ ሰው እንዳይሳፈርባቸው ወደ ታች ወርደው በራቸውን ከፍተው ቆሙ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ወዲያው፣ ጭስ ወደ ማምለጫው ደረጃ እንዳይገባ አየር የሚነፋው ትልቁ ፋን ማጓራት ጀመረ። እውነቴን ነው፣ ደስ ይል ነበር።

የእኔ ድርሻ ከአንቺ ክፍል ወደ ደረጃው በሚያስወጣው በር መውጣት ነበር። በእጄ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። በትከሻዬ ስገጨው ተከፈተ፤ እንዳለፍኩም ከኋላዬ ድርግም ብሎ ተዘጋ። ፎርሙ ላይ «በሩ ተከፍቷል» ብዬ ፈረምኩ። ቡድናችን በሙሉ የእኔ ቢጤ ግንዲላ ነው፤ አንዳችንም በሩ ከበደን አላልንም። ማን ደካማ መባል ይፈልጋል?

ወደ ታች ስወርድ ከላይ በር የመደብደብ ድምፅ ሰማሁ።

«ማነው በሩን የያዘው? ኧረ ክፈቱልኝ!»

ስለ ሙከራው ማንም ያልነገራት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሮጬ ወጥቼ ከፈትኩላት። ላብ አጥምቋታል። ደጋግማ ከኋላዬ ሰው ትፈልግ ነበር። በሩን የያዘ ሰው የለም፤ የያዘው የፋኑ አየር ነው። ፋኑ ለብቻው ሲሞከር በሮቹ ገና አልተገጠሙም ነበር፤ በሮቹ ሲሞከሩ ደግሞ ፋኑ ጠፍቶ ነበር።

ለሕንፃው መሐንዲስ ነገርኩት። «ሰኞ ምረቃ ነው፣ ከዚያ በኋላ እናስተካክለዋለን» አለኝ። ፊርማዬን ልሰርዝ ስለው ሳቀ። «አልተከፈተልህም እንዴ? ታዲያ ምን ብለህ ነው የምትሰርዘው?»

ሌሊቱን ሙሉ የሴትየዋ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም፤ መጨረሻ ላይ ያንቺ ድምፅ ሆነብኝ። የዕቃ ቤቱን ቀን ታስታውሻለሽ? እኔ ስምንት ዓመቴ፣ አንቺ አሥራ አንድ። ውስጥ ዘግቼብሽ፣ በሩን በጀርባዬ ደግፌ፣ ስትለምኚኝ እስቅ ነበር። እናታችን መጥታ ባትጎትተኝ ኖሮ አልለቅሽም ነበር። እስከ ዛሬ መኝታ ቤትሽን ገርበብ አድርገሽ እንደምትተኚ አውቃለሁ። አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም። ይቅር በይኝ፣ እትዬ።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ወጣሁ። ሴትየዋ የማምለጫውን በር በባልዲዋ ደግፋ ከፍታዋለች። ክፍት በር ጭስ ስለሚያስገባ በደንባችን ክልክል ነው። ባልዲውን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ጭስ የሚያስገባው ክፍት በር ይብስ ወይስ የማይከፈተው፣ መወሰን አቃተኝ፤ እንዳለ ትቼው ወረድኩ።

ፊርማዬን የሰረዝኩበትን ማመልከቻ ለሕንፃው ባለቤት ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ። የእኔን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ሊከቱት ይችላሉ። አዋላጇ «ክፍሉን አልረከብም» ካለች ግን የሚያስገቧት እናት አትኖርም።

ስለዚህ ሰኞ ከሁሉም ቀድመሽ ነይ። ፋኑን አስነሳልሻለሁ። አንድ አራስ ልጅ የሚያህል ጥቅልል ብርድ ልብስ በግራ ክንድሽ ታቅፈሽ በቀኝሽ ብቻ ግፊው። ካልተከፈተልሽ አትረከቢ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ፤ አላግዝሽም።

ግንዲላው ወንድምሽ