ብቻዬን የምወጣው የሩፋኤል ዳገት

ለወንድሜ ለሁዛይፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጤናህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ብርድ ለቀቀህ ወይ? ምግቡስ ተስማማህ? የምታድርበት ቤት ሰው ሰው ይሸታል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬ እንደ ልማዷ በርበሬ በረንዳ ወጥታ ትገባለች፤ ሀፍሷ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና እያጠናች ነው። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ድምፅህን ስሰማ የምናገረው ይጠፋኛል፤ መስመሩ ሲቋረጥም ደስ ይለኛል። ባለፈው ጁምዓ ደውለህ "ለተራራው ውድድር የምትሄጂው መቼ ነው?" ስትለኝ ኔትወርኩን ሰበብ አድርጌ ዘጋሁብህ። አልሄድም ሁዛይፋ። ቪዛ ተከልክያለሁ። የተከለከልኩትም በአንተ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አምና በውድድሩ ዋዜማ ከሆቴሉ ወጥተህ የጠፋህ ጊዜ፣ ጋሼ ዘውገ እማዬ ሱቅ ድረስ መጡ። ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡ የበርበሬ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ አሉ። እማዬ ሞተሃል ብላ ጮኸች። "አልሞተም እትዬ፣ ጠፍቶ ነው" አሏት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ምናለ ሮጦ ቢጠፋ" አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚያ ዳገት አሠልጥነውህ፣ አንተ የመሮጫ ቁጥርህን ደረትህ ላይ ሳትለጥፍ ሄድክ። ይመለሳል ብለው የፈረሙልህ እሳቸው ነበሩ። ወር ሳይሞላ ክለቡ አሰናበታቸው። ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ዳገቱን ግን አልተውኩም፣ እሳቸውም እኔን አልተዉኝም። ሱብሒ ሰግጄ ከመሳለሚያ እነሳለሁ፤ በጳውሎስ በኩል ሩፋኤል፣ ከዚያ ባሕር ዛፉን ሰንጥቄ እስከ ጋራው አናት። ትንፋሽ የሚመለስበት አንድ ሜዳ እንደሌለው ታውቀዋለህ። ድሮ አንተ ከኋላዬ ስለምትሮጥ ከአይሱዙ ዕቃ የሚያወርዱት ልጆች አፋቸውን አይከፍቱም ነበር። አሁን "ማን እያባረረሽ ነው?" "ሻርፕሽ ወደቀ!" እያሉ እስከ አውቶቡስ ተራ ይሸኙኛል። ጥር ላይ ጫካው ውስጥ ውሻ ባቴን ነከሰኝ። ለእማዬ ወደቅኩ አልኳት። መርፌውን ጨርሼ በማግስቱ ተመልሼ ወጣሁ።

ሚያዝያ ላይ ማጣሪያው በእኛው ዳገት ተደረገ። አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛዋ ልጅ ጫፍ ስትደርስ እኔ ጃኬቴን ለብሼ ውሃዬን ጨርሼ ነበር። ጋሼ ዘውገ ሰዓታቸውን ደጋግመው እያዩ ይስቁ ነበር፤ ከአምና ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እማዬ በረንዳውን ሙሉ ቴምር አደለች። የውድድሩ ጥሪም በስሜ መጣ።

ኤምባሲ የምገባ ቀን ጋሼ ዘውገ በሩ ላይ ያዙኝና "ስለ ሁዛይፋ ከጠየቁሽ አታውቂውም። የአባት ስም መገጣጠም ብርቅ አይደለም" አሉኝ። ዋሽተው የማያውቁ ሰው፣ ይህን ሲሉኝ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ውስጥ አንዲት ሴት ጥቂት ነገር ጠየቀችኝና "ሁዛይፋ ምንሽ ነው?" አለችኝ። "አላውቀውም" አልኳት፤ አፌ እንኳን አልተደናቀፈም። ኮምፒውተሯን አዙራ ፎቶ አሳየችኝ። ጋራው ጫፍ ላይ ክንድህን ትከሻዬ ላይ ጥለህ፣ ራስህ ፌስቡክ ላይ "ከእህቴ ጋር" ብለህ የለጠፍከው ነው። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችኝም።

የሚያንገበግበኝ ቪዛው ብቻ መሰለህ? ካድኩህ እኮ። የእናቴን ልጅ አላውቀውም አልኩ፤ እሱም ምንም ላይጠቅመኝ። ለዚህ ያደረስከኝ አንተ ነህ።

ለምን ሄድክ አልልህም። የኖርንበትን ቤት አብረን ነው የኖርነው። ግን ኤርፖርት አቅፈኸኝ "የሚቀጥለው ተራ ያንቺ ነው" ስትለኝ፣ እንደማትመለስ ታውቅ ነበር? ይህን ብቻ ጻፍልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም። እልክልሻለሁ ያልከውን ጫማም ተወው።

አሁንም እወጣለሁ፤ ለየትኛው ውድድር እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። ማክሰኞ ዕለት ጫፍ ደርሼ ሰዓቴን ሳየው ከማጣሪያው በአርባ ሰከንድ ፈጥኛለሁ። ያየልኝ ሰው አልነበረም። ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሐዘን የደረሰብኝ መስሏቸው ሸክማቸውን አውርደው አጠገቤ ተቀመጡ። አንዷ "ማን ሞተብሽ የኔ ልጅ?" አለችኝ። "ማንም አልሞተም፣ ወንድሜ አውሮፓ ቀርቶ ነው" አልኳት። እርስ በርስ ተያዩ። "ታድለሽ!" አለችኝና ሸክሟን አንስታ ሄደች።

ሀፍሷ በጣም ናፍቀሃታል፤ አልጋህን ወስዳዋለች፣ ስትመጣ እለቅለታለሁ ብላለች። እማዬ ሰው ሲጠይቃት "ለሥልጠና ነው የሄደው" እያለች እስከ ዛሬ ትመልሳለች። ሰላም በይልኝ አላለችም። ይህን ስጽፍ ግን ሁለት ጊዜ መጥታ ስንት ገጽ እንደደረስኩ አይታ ተመልሳለች። ጋሼ ዘውገ ልጽፍልህ መሆኑን ስነግራቸው ሊሰድቡህ ነው ብዬ ጠበቅኩ። "ሰላም በይልኝ" አሉ፤ "የግራ ጉልበቱ ድሮም ደካማ ነው። እዚያ የሚሮጥ ከሆነ ቁልቁለት ላይ እንዳይጣደፍ።"

እህትህ ሰዓደት
መሳለሚያ፣ መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.