ታዴ የሞላው የዋራንቲ ፎርም

ማክሰኞ፣ ማርች 4። ጠዋት 3 ሰዓት

ላይ ቤቱን ቫክዩም አድርጌ ወረድኩ። ጉልበቴ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር ይጠዘጥዘኛል። ቁጭ ከማለቴ ቤቱን የሚሸጥልን ኤጀንት ደወለ። ቤታችንን ሊገዙ የተስማሙት ባልና ሚስት፣ ግሬስና ዳንኤል፣ ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር አርጅቷል ብለው ፈርተዋል። ግዢውን ሊተዉት ይችላሉ አለ። ምክሩ፦ ዋራንቲ ግዙላቸው። ለአንድ ዓመት ቦይለር፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ ቢበላሽ ድርጅቱ መጥቶ ይሠራላቸዋል።

ወዲያው እሺ አልኩ። ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ያገኘናት ደረጃ የሌላት ፍላት፣ ያቺ ትንሽ አፓርታማ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የምትጠብቀን። ይኼ የቶተንሃም ቤት ካልተሸጠ እሷም አመለጠችን። እኔም እዚሁ ደረጃ ላይ ግድግዳ ይዤ ስወጣ ስወርድ እኖራለሁ።

ታዴ ባለቤቴ ግን አኮረፈ። ሃያ ስድስት ዓመት በገዛ እጄ ጠግኜ ያኖርኩትን ቤት፣ ዛሬ የማላውቀው ሰው ዋስ ይሁነው? ብሎ ነው። ምሳም አልበላም አለ። በኋላ በላ።

ሐሙስ፣ ማርች 6። ከሰዓት

ተአምር! ታዴ ተስማማ። ፎርሙን ራሴ ካልሞላሁ ብሎ ጠረጴዛውን ያዘ። መነጽር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ። ዕድሜውን ሙሉ ፎርም ሞልቶ አያውቅም እኮ፣ ሁሌ እኔ ነኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አልተነሳም። ምን እንደጻፈ አላሳየኝም። ራሱ ፖስታ ቤት ወስዶት እያፏጨ ተመለሰ።

ዓርብ፣ ማርች 14

ጉድ ሆኜልሻለሁ ማስታወሻዬ። ድርጅቱ ይኼን ቤት አልሸፍንም ብሎ ፎርሙን ለኤጀንቱ መለሰለት።

ፎርሙ ላይ፣ ባለሙያ ያልሠራው ጥገና ካለ ይግለጹ ይላል። የኔ ጌታ ሙያውን የጠየቁት መስሎታል። ኤጀንቱ በስልክ እንደነገረኝ፣ ስድስት ወረቀት አያይዞ አርባ ሁለት ጥገና በቁጥር ዘርዝሮላቸዋል። አንዳንዱ ሥዕል ሁሉ አለበት! ቦይለሩን ብቻ አልነካሁም፣ እሱን ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚሠራው ብሏል። ተመስገን ነው።

ጮህኩበት። ምናለ ዝም ብትል አልኩት።

«እየጠየቁኝ ልዋሽ?» አለኝ።

ኤጀንቱ ደግሞ ወረቀቱን ለገዢዎቹ ልኬዋለሁ፣ ልደብቃቸው አልችልም አለ። በቃ፣ ፍላቷ ሄደች። አለቀስኩ። ታዴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱም ከፍቶታል።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ገዢዎቹ ነገ እንምጣ አሉ። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ መተዋቸውን ፊት ለፊት ሊነግሩን ነው። ቤቱን አላጸዳሁም። ለማን ብዬ።

እሁድ፣ ማርች 16። ከቅዳሴ መልስ፣ 10 ሰዓት

የእንግዶቹን ስኒ እንኳ ሳላነሳ ነው የምጽፍልሽ። በደስታ ነው፣ አትደንግጪ።

መጡ። የታዴን ወረቀት በፕላስቲክ ማኅደር አድርገው ይዘውታል። ግሬስ ነርስ ናት፣ ሳቂታ። እስካሁን ያየነው ቤት ሁሉ ሻጩ ምንም የለበትም ይለናል፣ ችግሩን ከነመፍትሔው የጻፈልን እናንተ ብቻ ናችሁ አለች። ዋራንቲው ይቅርብን፣ አንድ በአንድ ያሳዩን ብላ ታዴን ለመነችው። ታዴ ይኼን ሲሰማ ኮቱን አወለቀ። ዳንኤልን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ማስረዳቱ እታች ድረስ ይሰማል።

እኔና ግሬስ ጓሮ በር ላይ ቀረን። ቁጥር 31 ይኼ ነው አይደል ብላ ማንበብ ጀመረች። «ከጓሮ በር ሲወረድ ከፍታው ለባለቤቴ ጉልበት ይከብድ ነበር። ዝናብ ይቋጥራል ብዬ አሳብቤ ንጣፉን አነሳሁና አራት ጣት ከፍ አድርጌ መልሼ አነጠፍኩት። ጉልበቴ ዳነ ብላ በጣም ደስ አላት። እባካችሁ እንዳትነግሯት።»

ግሬስ መጨረሻው ላይ ስትደርስ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ እንባዬ። ያን ጊዜ ለማኅበሬ ሰው ሁሉ ዳንኩ ብዬ አውርቻለሁ! ጉልበቴን ለምታክመኝ ፊዚዮቴራፒስት ቸኮሌት ወስጄ ሳምኳት እኮ። የውስጡ ደረጃ እያመመኝ የጓሮው ብቻ እንዴት ተወኝ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ሞኝ ነኝ። ይኼን ሰው ግን እንዴት እንደምወደው።

ግሬስ እጄን ጨብጣ ቤቱን እንገዛዋለን አለች።

ሰኞ፣ ማርች 24

ኤክስቼንጅ አደረግን! ኤጀንቱ አሁን ደወለ። ውሉ ጸድቋል፣ ከእንግዲህ ወዲያ ማንም ሐሳቤን ቀየርኩ አይልም። ፍላቷ የኛ ናት። እልል አልኩ፣ ጎረቤት ምን ይበል ሳልል።

ታዴ ካርቶን እያሰረ ነው። ድንገት ቀና ሳይል፣ ያን ዝርዝሬን አነበብሽው ወይ አለኝ። ያንተን የዶሮ ጭረት ማን ሊያነበው አልኩት። እፎይ አለ፣ አየሁት። ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

ግሬስ ኮፒውን ትታልኝ ስለሄደች አርባ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ። እስክሞት አልነግረውም።