በስምዎ የተሸጠው በሬ

የተከበሩ የዕለቱ የክብር እንግዳ፣ የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና ያገር ሽማግሌዎች፣ ከቆላውም ከደጋውም የመጣችሁ አርቢዎችና ነጋዴዎች፤ ዛሬ የሰንበቴ ከብት ገበያ አዲሱ በር በአባቴ ስም ሲሰየም እንዳነበው የተዘጋጀልኝ ንግግር ነበር። አላነበውም። በምትኩ ለእሳቸው የጻፍኩትን ደብዳቤ እንድትሰሙልኝ እለምናለሁ።

አባባ፣

ከተለዩን ዘጠኝ ዓመት ሞላ። ሰንበቴ አንቱ የሚያውቋት አይደለችም፤ ወደ መስጊድ በእግርዎ የሚወርዱበትን መንገድ ባጃጅ ሞልቶታል። የበሬዎ ጋጣ ፈርሶ የልጅ ልጆችዎ መኝታ ሆኗል። እናቴ ግን መስገጃዎን ዛሬም በየጁምዓው ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ ሌላ ሰው እንዲሰግድበት አትፈቅድም።

የምጽፍልዎ ተቆጥቼ ነው። ብዙ ዘመን የገበያው ዋስ ነበሩ ተብሎ በሩ በስምዎ ሲሰየም እንዳነበው በተሰጠኝ ንግግር ውስጥ «በሌባ የተታለሉ የዋህ አባት» ብለውዎታል። የዋህ! አንቱን!

በዚህ ገበያ የማይታወቅ ሻጭ ያለ ዋስ ከብት አይሸጥም። አንቱ ደግሞ የሻጩን መንደር ሳይጠይቁ፣ የከብቱን ምልክት ሳያዩ አንድ ቀን እንኳ ዋስ ሆነው አያውቁም። «ዋሱ እሳቸው ናቸው» ከተባለ ገዥ የበሬውን ጥርስ አያይም ነበር። ያ በሬ የተሸጠ ዕለት አንቱ ባቲ ሄደው ነበር፤ እኔ አዲስ የመንግሥት ተቀጣሪ ነበርኩ። አለቃዬ ዘመዱን ከነበሬው አምጥቶ፣ «ያባትህን ስም ስጥልን እንጂ፤ ስም እንደሁ ሲጠሩት አያልቅ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለገዥው ገበሬም «አባቴ ዋስ ናቸው» አልኩት።

በሬው የተሰረቀ ነበር። በሳምንቱ አንድ የአፋር አርቢ ታፋው ላይ ያለውን የጎሳውን ምልክት አሳይቶ በሬውን ወሰደ። ገበሬው እርሻ ደርሶበት ባዶ እጁን ግቢያችን ገባ። «አባ፣ ስምዎን አምኜ ነው የገዛሁት» አለ። አንቱ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ በኦሮምኛ «መቃን ኪያ አኑማ» አሉ፤ «ስሜ ማለት እኔው ነኝ» ማለትዎ ነበር። ዳለቻን፣ ከጥጃነቱ ያሳደጉትን በሬዎን፣ ፈትተው ገመዱን በሰውየው እጅ አኖሩት።

ከዚያ ወዲያ ዋስ ብሎ የጠራዎት የለም። «ሽማግሌው ለሌባ ቆመ» ሲባል በጆሮዎ ሰምተዋል። «ያን ቀን ባቲ ነበርኩ» ቢሉ ይበቃ ነበር። አላሉም። በየገበያው ቀን ነጭ ጋቢዎን ለብሰው ከበረቱ አጥር አጠገብ ይቆማሉ፤ ማንም አይጠራዎትም፤ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ይመለሳሉ። እኔ በበኩሌ ሹመት በሹመት ላይ ተደራረበልኝ።

ዝምታዎ አስቆጥቶኛል፣ አባባ። አንድ ጊዜ በሰው ፊት ቢያዋርዱኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን በሐሰት ቀና ብዬ አልሄድም ነበር። በታመሙበት ሳምንት «የምትነግረኝ አለህ ወይ?» አሉኝ። «የለም» አልኩ። «ኸይር፣ ደግ» አሉና ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያ «የለም» ያልኩት ቃል እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ያ አለቃዬ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጧል፤ ሊያጨበጭብልዎ መጥቷል። ስሙን አልጠራም። የሰውን ስም ያለ ፈቃዱ መጥራት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ፤ አንደበት አለው፣ ራሱ ይናገር። እኔ የራሴን እናገራለሁ፦ በሬውን በስምዎ ያሸጥኩት እኔ ነኝ። አባቴ አልተታለሉም። ልጃቸው ያጠፋውን እያወቁ ተሸከሙት።

አልረሳዎትም፣ አባባ። ስምዎ በሩ ላይ ቢጻፍም፣ እኔ ግን አቅም እስካለኝ በየገበያው ቀን አንቱ በቆሙበት አጥር ሥር እቆማለሁ፤ በሩ በማን ስም እንደተሰየመ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እነግረዋለሁ።

ክቡራንና ክቡራት፣ ስለ ትዕግሥታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ገበያችሁን አላህ ያቅናላችሁ፤ ዋስ የምትጠሩትም ሰው ቀርቦ፣ ከብቱን አይቶ፣ በገዛ አፉ የሚናገር ይሁን።